ማይክራፎን ፊት ሁሉም የሀኖይ ሰው ነው

ንጌ አን፣ ሰኔ 2

ለእህቴ ልጅ ለሉዋ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ፣ እናትሽ እና ከላኦስ ተራራ ወዲያ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ሦስታችንም ደህና ነን። ነፋሱማ ከሁላችን ይልቅ ደህና ነው፤ ትናንት የጣሪያዬን ቆርቆሮ ይዞ ጎረቤት ሊጠይቅ ሄዷል።

ስልኩን ለምን ጆሮሽ ላይ እንደዘጋሁት ጠይቀሻል። አንቺ ላይ አልዘጋሁም። «ሃሎ፣ አጎቴ፣ እንደምን ዋሉ?» ያለችኝ አንዲት የሀኖይ እመቤት ናት፤ ከቴሌቪዥን ዜና ላይ ተነሥታ የመጣች የምትመስል። የተሳሳተ ቁጥር ነው ብዬ፣ ይቅርታም ጠይቄ ዘጋሁ። ቆይቼ ሳስበው ለካ አንቺ ነሽ። የቢሮ ሰዎች አጠገብሽ ነበሩ መሰለኝ። አልተቀየምኩም። ብቻ ሽንት ጨርቅሽን ያጠበ ሰው በሌላ ሰው አፍ ሰላም ሲባል ትንሽ ይከፋዋል። ስለዚህ ከእንግዲህ በደብዳቤ እንገናኝ። ወረቀት ላይ አነጋገርሽ አይሰማም፤ እኔ በልቤ በራሳችን አፍ አድርጌ አነብሻለሁ። ከቪን ከተማ ሀኖይ የሚመላለሰው አውቶቡስ ሾፌር ያደርስልናል። ዋጋው አንድ ማሰሮ በጨው የተዘፈዘፈ ደብርጃን ነው፤ ተስማምተናል።

ስለ ሥራዬ፦ ያው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ይበላሻል፣ እኔ እጠግናለሁ፣ እኔ ስጠግነው ደግሞ ይበላሻል። ሁለታችንም እንጀራችንን እንዲህ እናገኛለን።

ስለ እናትሽ ዓይን ለጠየቅሽው፣ ዓይኗ እንዳለ ነው። ሆስፒታል ቀጠሮ ይዛ እንደሆነ ለጠየቅሽው፣ እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

አሁን ተራዬ ነው። ፎቶሽን ጋዜጣ ላይ አየሁት። ቢሮ ውስጥ የገለባ ባርኔጣ ማድረግ የጀመርሽው መቼ ነው? ያውም ጣሪያ ባለበት ቤት። ክራባት ያሠረ ሰው ትከሻሽን ይዟል፤ ከበላያችሁ «ሁሉም ድምፅ ይሰማል» ተብሎ ተጽፏል። መሥሪያ ቤታችሁ «በብዝኃነትና በአካታችነት» ተሸለመ ይላል። ከጎኑ ያለው ፎቶ ላይ ግን መድረኩ ላይ የሚናገረው ሌላ ልጅ ነው። አንቺ ጥግ ላይ ተቀምጠሽ የኮምፒውተር ቁልፍ ትጫኛለሽ። ሥራው የእኔ ነው ብለሽኝ አልነበር? ታዲያ እሱ ለምን ይናገርልሻል?

ራሱን በራሱ ያስተማረው፣ ከክፍሉም ሁሌ አንደኛ የሚወጣው አጎትሽ፣
ዶአን


ሀኖይ፣ ሰኔ 9

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎን ሁሌም እመኛለሁ። ለስልኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢሮ ውስጥ በራሴ አነጋገር ስናገር ሰው ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔም ሳላስበው አፌን መቀየር ለመድኩ። እርስዎ ላይ መቀየሬ ግን አሳፍሮኛል።

ጥያቄዎ ቀላል ነበር፤ መልሱን ለመጻፍ ግን ቀናት ፈጀብኝ።

የምንሠራው ስልክ የሚመልስ ማሽን ነው። ሰው ሆስፒታል ሲደውል ያዳምጠዋል፣ የፈለገውን ለይቶ ቀጠሮ ይይዝለታል። መስማት የሚማረው ከተቀረጸ የሰው ድምፅ ነው። ያስተማርነው ድምፅ ከሞላ ጎደል የሀኖይ ነው፤ ጥቂት የሳይጎን አለበት። የእኛ የንጌ አን የለም። እኔ የተቀጠርኩት ለዚያ መስሎኝ ነበር። የቀጠሩኝ ለባርኔጣው ነው።

ይህ ማሽን ከባለፈው ወር ጀምሮ እኛው ወረዳ ሆስፒታል ለሙከራ ገብቷል። ከጸደቀ ስልክ የሚያነሡት ሴቶች ይሰናበታሉ። የእናቴን ቀጠሮ የጠየቅሁዎት ለዚህ ነው፤ እርስዎም አልመለሱልኝም።

ፎቶው ላይ ትከሻዬን የያዘው አለቃዬ አቶ ኪየን ነው። የማሽኑን ጉድለት አጥንቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መድረኩ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደተናገርኩ አቶ ኪየን ፈገግ ብሎ «ሉዋ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ነገር ግን እንግዶቻችን እንዲረዱት ኳንግ ያንብብላት» አለ። ኳንግ የሀኖይ ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። አነበበ። እኔ ቁልፍ ተጫንኩ። በኋላ አቶ ኪየን አነጋገር የሚያስተካክል አስተማሪ መሥሪያ ቤቱ እንደሚከፍልልኝ ነገረኝ፤ እንደ ስጦታ ነው የሰጠኝ። እኔም፣ አጎቴ፣ አመሰገንኩት።

ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ማሽኑ ያገርሽን ሰው አይሰማም ካልሽ ማስረጃ አምጪ።» እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ድምፅ ሰብስቤ ካላሳየሁ ሙከራው ይጸድቃል፤ እኔም ውሌ ያኔ ስለሚያልቅ እሸኛለሁ።

ስለዚህ እለምንዎታለሁ። ትንሽ መቅረጫና የፈቃድ ወረቀት ልኬያለሁ። የሰፈሩን ሰው ቀጠሮ እንደሚጠይቅ አድርገው ያናግሩልኝ። እንደሚናገሩት ይናገሩ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

አክባሪዎ፣
ሉዋ


ንጌ አን፣ ሰኔ 17

የእህቴ ልጅ፣

በመልእክት ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ ወረቀቱን ለሁሉም ጮክ ብዬ አንብቤ ነው ያስፈረምኩት። እኔ ሰው የማታልለው ካርታ ስጫወት ብቻ ነው። ስንት ሰው መጣ ላልሽው ደግሞ ያልመጣውን መቁጠር ይቀላል።

ዝግጅቴን ብታዪው ትኮሪ ነበር። የቀበሌው አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ቀይ ጨርቅ አነጠፍኩ። የላክሻት መቅረጫ ጣት የምታህል ሆና ክብር የሌላት ስለመሰለችኝ፣ ከድምፅ ማጉያው ትልቅ ማይክራፎን ጋር በሽቦ አገናኘኋት። ሰዉ ለሠርግ የሚለብሰውን ለብሶ መጣ። ሽማግሌው ቲን፣ ከኦቾሎኒ ማሳው ውስጥ በቁምጣ ካልሆነ አይተነው የማናውቀው ሰውዬ፣ ኮት አድርጎ ብቅ አለ። «ኮቱ የማን ነው?» ብለው፣ «የሟች ወንድሜ ነው፤ እሱም ቢሆን ለሉዋ አይነፍግም» አለኝ። ዳክዬ አርቢዋ የሁየን እናት ዳክዬዎቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ፀጉሯን ዘይት ቀብታ ከሁሉ ቀድማ ተሰለፈች።

እያንዳንዱ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀጠሮውን ጠየቀ። አንድም የተንተባተበ የለም። እንዲህ አምረን መናገር እንደምንችል እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ያ ክራባታም አለቃሽ ይህን ሰምቶ ካላፈረ፣ ማፈሪያ የለውም ማለት ነው።

እናትሽ ለምን አልተቀረጸችም እንዳትዪኝ። ሥራ በዝቶባት ነው።

መቅረጫውን ከደብርጃኑ ጋር ልኬዋለሁ። በተለያየ ዕቃ ነው ያሸግኩት፤ ሾፌሩ ግን የትኛው የእሱ እንደሆነ ግራ ቢገባው ደብርጃኑን ለማሽኑ አስተምሪው።

አጎትሽ፣
ዶአን


ሀኖይ፣ ሰኔ 24

ለተከበሩ አጎቴ፣

የምጽፈው ተናድጄ ነውና ቃሌ ቢሻክር አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎን አይደለም የተናደድኩት። ማንን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አስቤያለሁ፤ በመጨረሻ ሁሉንም ሆነ።

ድምፁ እንዴት እንደሆነ ጠይቀዋል። ድምፁ በጣም ጥሩ ነው። ችግሩም እሱ ነው። ሁሉም የሀኖይ ሬዲዮ ሆነው ነው የተናገሩት። ሽማግሌው ቲን «የተከበራችሁ አድማጮች» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ከዚያ በኋላ ነው ወገባቸውን እንደሚያማቸው የሚናገሩት። የሁየን እናት የአየር ሁኔታ ዘገባ የምታቀርብ ነው የምትመስለው። ማሽኑ ሁሉንም ሰማቸው። አንድ ቃል አልሳተም ማለት ይቻላል።

አቶ ኪየን አብሮኝ አዳመጠ። ሲጨርስ እጁን አጨበጨበ። ለአለቆቹ የላከውን ሪፖርት እኔም እንዳነበው ሰጠኝ። ቃል በቃል ልጻፍልዎት፦ «የንጌ አን ነዋሪዎች ሲፈልጉ አጥርተው እንደሚናገሩ ተረጋግጧል። ስለዚህ እንከኑ የማሽኑ አይደለም፤ የስንፍና ነው።» ከሥሩ የኔን ስም አስገብቷል፤ «በሉዋ ጥናት መሠረት» ይላል።

አጎቴ፣ በሕይወቴ ሙሉ ስሜ እንደዚያ ዓይነት ቦታ ገብቶ አያውቅም።

ጉዳዩ የሚታይበት የመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ የሐምሌ ወር ሲገባ ነው። እዚያ ሌላ ነገር ይዤ ካልቀረብኩ አልቋል። እና አንድ ነገር በእውነት ይመልሱልኝ፤ በቀልድ አያሳልፉኝ። በዚህ ነፋስ ወቅት ማሳ ላይ ሥራ እንደሌለ አውቃለሁ። እናቴ ለምን አልተቀረጸችም?

ሉዋ


ንጌ አን፣ ሰኔ 30

ልጄ ሉዋ፣

በእውነት መልስልኝ ብለሻል፤ እመልሳለሁ።

እናትሽ ጉም የመሰለ ነገር ዓይኗ ላይ ወርዶ ነው የከረመው። ወር ይሆነዋል፣ ቀጠሮ ልትይዝ ሆስፒታል ደወለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ማሽንሽ አነሣው። ተናገረች። «ይቅርታ፣ እባክዎ በግልጽ ይናገሩ» አላት። ጮክ ብላ ተናገረች። ያንኑ አላት። ቀስ ብላ ተናገረች። ያንኑ አላት። በስተመጨረሻ እህቴ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? ይቅርታ ጠየቀችው። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ገጠሬ ነኝ፣ አፌ መጥፎ ነው» ብላ፣ አጎንብሳ፣ ለሽቦ። ከዚያ ስልኩን በቀስታ አስቀመጠችው፤ እንዳይከፋው መሰለኝ። ልቀርጽሽ ስላት «ያ ነገር አፌ ቆሻሻ መሆኑን አንዴ ነግሮኛል፤ ለምን ደግሜ እሰማለሁ?» አለችኝ። ያልነገርኩሽ ልጅ ደስ ብሏት የምትሠራውን ነገር እንዳላበላሽ ብዬ ነው። አሁን ደስ እንደማይልሽ ስለማውቅ ነገርኩሽ።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ቀይ ጨርቁ የኔ ነው፣ ማይክራፎኑም የኔ ነው። ግን ሞኝነቱ የሁላችንም መሆኑን ልንገርሽ። ስንወለድ ምሰሶው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ቀድሞን ደርሶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስለ ሩዝ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ጎርፍ ይናገራል፤ እንደ እኛ የሚናገር ሰው ግን አንድ ቀን ከውስጡ ሰምተን አናውቅም። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር እንኳ «አንቺ፣ ሱሪዬን የት አባቱ ጣልሽው?» ብሎ በኛ አፍ ጮኾ ከቤቱ ይወጣና፣ ማይክራፎኑን ሲጨብጥ የሀኖይ ተወላጅ ይሆናል። ማይክራፎን ፊት ሁሉም የሀኖይ ሰው ነው። ሰዎቹ ሊያከብሩሽ ፈልገው ነው ያጠፉሽ። ያ ሰውዬ ደግሞ ክብራቸውን ወስዶ ስንፍና ብሎ ሰየመው።

ስለዚህ ማይክራፎኑን ወደ ምሰሶው መለስኩት። ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ማሰሮ የሻይ ቅጠል አፈላሁና እንደ ልማዳችን በአጥሩ ላይ ተጣራሁ፤ እናትሽም መጣች። ትንሿን መቅረጫ ኦቾሎኒው ሳህን አጠገብ አስቀመጥኳት። «ይቺ ትሰማለች፤ ያልፈለገ አሁን ይናገር» አልኩ። ማንም አልተነሣም፤ ግን ሁሉም ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ አንድ ላይ ሬዲዮ መሆን ጀመሩ። እኔም ዝም ብዬ የላክሽልኝን የአቶ ኪየንን ቃል አነበብኩላቸው። «ስንፍና» የሚለው ላይ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ ጠበቅሁ።

ሽማግሌው ቲን «ማነው ሰነፍ?» አለ።

«አንተ» አልኩት።

«እኔ? ይሄ ሰውዬ ኦቾሎኒ ከመሬት እንደሚወጣ ያውቃል? ከቆርቆሮ ውስጥ የሚበቅል ሳይመስለው አይቀርም።»

የሁየን እናት ጽዋዋን አስቀመጠች። «ከዳክዬዬ ኋላ የሚወጣው ድምፅ ከዚህ ሰውዬ አፍ ከሚወጣው ይሻላል፤ እሷ እንኳ ቀጥላ እንቁላል ትጥላለች» አለች።

ከዚያ ወዲያ ማቆም አልተቻለም። እናትሽ ሳትቀር። ለማሽኑ የነገረችውን ሁሉ መልሳ ተናገረች፤ ይቅርታውን ግን ተወችው። ስለ ዓይኗ፣ ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ልጅ ልጅ ትኩሳት፣ ሁሉም ሆስፒታል ደውሎ የተነገረውን በየተራ አወራ። ለካ ሁላችንም ደውለናል፤ ሁላችንም አፍረን ዝም ብለናል።

እንዳለ ልኬዋለሁ። አንዱንም ቃል እንዳታለዝቢው። ከምሳ በፊት አዳምጪው።

አጎትሽ፣
ዶአን


ሀኖይ፣ ሐምሌ 8

ለተከበሩ አጎቴ፣

በደህና ይድረስዎ። ምን እንደሆነ ደጋግመው ጠይቀዋል፤ ከእኔ በላይ የተጨነቁ ይመስላሉ። ለእናቴ ጉዳይ ደግሞ ይህን ብቻ ልበል፦ ያንን ገጽ አንብቤ ከቢሮ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ያንን ማሽን የሠራሁት እኔ ነኝ። «እባክዎ በግልጽ ይናገሩ» የሚለውን ያስገባሁት በእጄ ነው። በጣም ጨዋ ቃል መስሎኝ ነበር።

ስብሰባው ላይ ድምፃችሁን አሰማሁ። ማሽኑ እየሰማ በትልቁ ስክሪን ላይ እንዲጽፍ አደረግሁ። ከላይ እስከ ታች የጻፈው አንድ ነገር ነው፦ ይቅርታ፣ እባክዎ በግልጽ ይናገሩ። ይቅርታ፣ እባክዎ በግልጽ ይናገሩ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንድም የገባው የለም። የሁየን እናት የዳክዬዋን ነገር ስትናገር ግን አንድ ሰው ሳቀ። ከሆዱ የወጣ ሳቅ ነው። አቶ ኪየን ነው።

ኳንግ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀው። «እኔ ምን አውቄ» አለ። ዓይኑ ግን ከሳቁ የተነሣ አሁንም እርጥብ ነበር።

በማግስቱ አቶ ኪየን ጠራኝ፤ በሩን ዘጋ። ለካ እሱም ያገራችን ልጅ ነው፤ ከወንዛችን ማዶ፣ ከጨው አምራቾቹ ሰፈር። ሀኖይ የገባው ተማሪ ሆኖ ነው፤ ክፍል ውስጥ አፉን በከፈተ ቁጥር ስለሳቁበት ዓመት ሙሉ ሳይናገር ተቀምጦ ሬዲዮ አዳመጠ። የሚስቱ ቤተሰቦች የሀኖይ ልጅ ነው የሚመስላቸው። ይህን ሁሉ የነገረኝም በሀኖይ አፍ ነው። ላዝንለት ነበር፤ ቀጥሎ ያለውን ባይናገር።

ድምፃችሁን ይቀበላል። ማሽኑም ከእናንተ ይማራል። ለእኔ የሁለት ዓመት ውልና ከፍ ያለ ማዕረግ ይሰጠኛል። በምላሹ፣ የሆስፒታሉ ሰዎች ለውሳኔ ሲመጡ የሚናገረው ኳንግ ይሆናል፤ ግኝቱ «በአቶ ኪየን መሪነት» ይባላል፤ የአነጋገር ትምህርቴን እቀጥላለሁ፤ ያን ቀን ያየሁትንም አላየሁም።

አጎቴ፣ ተናድጃለሁ፤ ግን ንዴቴን ወደ ጎን ትቼ ስቆጥረው፣ ማሽኑ እናቴን ይሰማታል። የፈለግነው እሱን አልነበረም? አንዲት ልጅ ጥግ ላይ ቁልፍ ብትጫን ምን ይጎድላል? እባክዎ፣ ምን ላድርግ?

ሉዋ


ንጌ አን፣ ሐምሌ 14

ልጄ ሉዋ፣

ምን ላድርግ ብለሻል። ውሉ ያንቺ፣ የምትበዪው ሩዝም ያንቺ ነውና እኔ አላዝሽም። ብቻ የተባለውን ልንገርሽ።

ስለ ሰውየው የጻፍሽውን ለማንም አላነበብኩም። ተደብቆ ያለ ሰው ራሱ ይውጣ እንጂ በጅራቱ አይጎተትም። የሁየን እናት ብታውቅ ግን ወንዙን ተሻግራ እናቱን ጠርታ ማስገረፏ አይቀርም ነበር። በልጅነቱ የሳቁበትን ሰዎች ብረግማቸው ደስ ይለኛል። ግን እኮ፣ ልጄ፣ የተዘጋበትን በር እሱ አልፎ ገባና ዞሮ ባንቺ ላይ ዘጋው። ይህን ነው ያልዋጥኩት። ቁስሉን አዝንለታለሁ፤ አንቺን በሱ ቁስል ልክ ሊሰፋሽ ሲሞክር ግን አላዝንለትም።

ለሻይ የተሰበሰቡትን የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ድምፃችን እዚያ ሲቀርብ በማን አፍ ይቅረብ?

ሽማግሌው ቲን «ጎሻችንን እናውሳለን፤ እርፉን የምትይዘው ግን ልጃችን ናት» አለ። ይህን ሲል ማንም አላረመውም፤ ሁሌ የምታርመው የሁየን እናት እንኳ።

እናትሽ አልተስማማችም። «ውሉን ትውሰድ፤ ልጄ እንድትራብ አልፈልግም» ብላ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ሳህን ስታንኳኳ ሰማናት። ቆይታ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመችና፣ «እኔ ለዚያ ነገር ይቅርታ ጠይቄያለሁ» አለች። «እሷ ግን ለማንም እንዳትጠይቅ። ይህንን ጻፍላት።» ጻፍኩልሽ።

ከዚያ የፈቃዱን ወረቀት አምጣ አሉኝ። ኮፒው እኔ ዘንድ ነበር። ከታች፣ ሁሉም በየእጃቸው፣ «ሉዋ ቆማ በራሷ አፍ ካልተናገረች ድምፃችን ይመለስልን» ብለው ጨመሩበት። ይህም አብሮ ደርሶሻል። እኔ አላዘዝኩሽም ብያለሁ፤ እነሱ ናቸው ያዘዙሽ። ሐሳቡን ማን እንዳመጣ ብትጠይቂኝ፣ ያን ዕለት በጣም ሞቃት ስለነበር አላስታውስም።

ቁልፍ ብጫን ምን ይጎድላል ላልሽው፦ ማሽኑ እናትሽን ይሰማ ይሆናል። ሰዎቹ ግን አንቺን አይሰሙም፤ ቀጥሎ የሚሠሩትንም ማሽን እንደገና አንቺ ሳትኖሪበት ይሠሩታል። ያንጊዜ ደግሞ የሌላ ሰው እናት ታጎነብሳለች።

አጎትሽ፣
ዶአን


ሀኖይ፣ ሐምሌ 23

ለተከበሩ አጎቴ፣

ለእናቴ፣ ለሽማግሌው ቲን፣ ለሁየን እናት፣ ለዳክዬዎቿም ጭምር ሰላምታዬ ይድረስ።

የጠየቁኝን በቅደም ተከተል እመልሳለሁ፤ በልቻለሁ፣ ተኝቻለሁ፣ አላለቀስኩም።

ወረቀታችሁን ከስብሰባው በፊት ለአቶ ኪየን ሰጠሁት። አነበበና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ተመካክረሻል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ይቆጭሻል» አለኝ። «ሊሆን ይችላል» አልኩት። ስለ እሱ ለማንም እንዳልተናገርኩ፣ እንደማልናገርም፣ ዋጋም እንደማልቀበልበት ነገርኩት። አላመነኝም። ያላመነኝ እሱ ቢሆን ዋጋ ሳይቀበል ዝም ስለማይል ይመስለኛል።

ተራዬ ሲደርስ ኳንግ ከመናገሪያው ቦታ ተነሣ። ማንም ሳያዘው ጥጉ ላይ ሄዶ ቁልፉ አጠገብ ተቀመጠ። እኔ ቆምኩ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንደ ቤታችን ተናገርኩት። ከመሥሪያ ቤታችን አንዱ «ምን አልሽ?» አለኝ። ደገምኩለት፤ ቀስ ብዬ፣ ግን በዚያው አፍ። ሌላው ዞር ብሎ ኳንግን አየው። ኳንግ ስክሪኑን አየ። ሁለተኛ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ጆሯቸውን አቀኑና ማዳመጥ ጀመሩ። ሲፈልጉ ይችላሉ ለካ።

ከሆስፒታሉ የመጣችው ዶክተር ጠዋቱን ሙሉ የሀኖይ አፍ ስትናገር ነበር። የእናቴ ድምፅ ሲደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጥያቄዋን ስትጠይቀኝ በኛ አፍ ነው የጠየቀችኝ፤ ያስተዋለችው እንኳ አልመሰለኝም። «እንዲህ ሆኖ ስንት ሰው ነው ዘግቶ የቀረው?» ነው ያለችው። ዘግቶ የቀረውን የቆጠረ የለም።

ስልኩ ወደ ሴቶቹ ተመልሷል። ማሽኑ ያልሰማቸው ሰዎች ራሳቸው ሞክረውት ደህና ነው ካላሉ ተመልሶ አይገባም። በጽሑፍ ይሁንልን ብለው ዶክተሯና ባልደረቦቿ አስፈርመዋል። ስለዚህ እናቴ ነገ ትደውል። የምታነሣው ሰው ናት።

የእኔን ውል ጠይቀዋል። ከስብሰባው በኋላ አቶ ኪየን ኮሪደሩ ላይ አስቆመኝ። ሲጀምር በሀኖይ አፍ ነበር፤ ስለ ምስጋና ቢስነት፣ ስለ መሥሪያ ቤቱ ስም፣ ስለ ሰጡኝ ዕድል። ሰዎች እያለፉ ነበር። እየተናገረ በሄደ ቁጥር ንዴቱ ባሰበት። ከዚያ አፉ አመለጠው። ጨው አምራቾቹ ልጆቻቸውን ሲቆጡ እንደሚናገሩት፣ ቃል በቃል፣ እንደዚያ ሆኖ ወጣ። ዝገት ነበረበት፤ ከልጅነቱ ወዲህ አልተነገረም። የሚያልፉት ሰዎች ቆሙ። እሱም ሰማው፤ ግን መሐል ላይ ስለነበር ጨረሰው። በኛው አፍ «ዕቃሽን ሰብስቢና ውጪ» አለኝ። እዚያ ሕንጻ ውስጥ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ፣ በራሴ አነጋገር የተነገረኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

እኔም በዚያው አፍ መለስኩለት። የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም፤ እናቴ ጮክ ብለህ አንብብልኝ እንደምትልዎ አውቃለሁ። ብቻ ረጅም ነበር፤ ምንም አላለዘብኩትም።

ኳንግ ዕቃዬን ተሸክሞ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። «ምን አልሽው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አቶ ኪየንን ጠይቀው» አልኩት፤ «እሱ ይተረጉምልሃል።»

አክባሪዎ፣
ሉዋ